አክስቴ ከጫኖ «ወጥቻለሁ» ያለችበት ጠዋት

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዛሬም ሰው ደውሎ «መንገድ ላይ ነኝ» ባለኝ ቁጥር ያ ጠዋት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን የሚስቅ ጥርስ አልነበረኝም።

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ከስልክና ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ። ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ለሙከራ ቀጠረኝ። ድርጅቱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲበጠስ የት ጋ እንደተበጠሰ የሚናገር ሳጥን ይሠራል። አንዱ ሳጥን በመስመሩ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይቀመጥና ብልሽቱ መቼ እንደተሰማቸው ያስተያያሉ። ለዚህ የሁለቱ ሰዓት በሰከንድ ሽራፊ እንኳ ሊለያይ አይገባም። ሰዓታቸውን የሚያስማሙት ደግሞ በኔትወርክ መልእክት እየተላላኩ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መልእክት በትክክል መቼ እንደወጣ መታወቅ አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር መልእክቱን ገና ለኔትወርክ ካርዱ ሲያቀብል «ልኬያለሁ» ብሎ ሰዓቱን ይመዘግባል። መልእክቱ ግን ካርዱ በር ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። እውነተኛውን ሰዓት የሚያውቀው ካርዱ ነው፤ መልእክቱ ወደ ሽቦው የሚወጣው በእሱ በኩል ነዋ። የራሱ ሰዓትም አለው። የሚጠይቀው ብቻ ጠፋ። የእኔ ሥራ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ «መቼ ወጣ?» ብሎ ካርዱን እንዲጠይቅና መልሱን ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታደለ ይህ ነገር አልዋጥ ብሏቸው ነበር። ኮምፒውተሩ ልኬያለሁ ካለ ልኳል፣ ምን ትጨቀጭቂዋለሽ ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። እሳቸው ስብሰባ ላይ «ተጠናቋል» የሚሉት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተጀመረው ነው።

ቢሮው ውስጥ ከወሬ የሚተርፍ ጊዜ ስላልነበረ ሳጥኗን ይዤ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ጫኖ፣ አክስቴ አስቴር ዘንድ ሄድኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሙዝ ታለማለች፤ ወሬ መውደዴንም ከእሷ ነው የወረስኩት። ድራይቨሩን እዚያው ጻፍኩት። ካርዱ የሚይዘው የአንድ መልእክት ሰዓት ብቻ ሆኖ፣ ቶሎ ካልተነበበ ሌላው መጥቶ ይደመስሰዋል። ይህን እስክደርስበት ድረስ ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ሳጥኑን አይተው ለመግዛት የሚወስኑ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ከወደዱት ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልወደዱት የሙከራ ጊዜዬ እዚያው ላይ ያበቃል። በዋዜማው አቶ ታደለ በአስቸኳይ ከተማ ግቢ አሉኝ፤ ስለ እንግዶቹ ወንበር አደራደር ሊያማክሩኝ። እኔ ግን ሳጥኗ እስኪነጋ ሳታቋርጥ መልእክት እየላከች እንድትፈተን ፈልጌ ስለነበር ጫኖ ትቻት ሄድኩ። አክስቴ ጠዋት ነቅላ በሚኒባስ ልታመጣልኝ ቃል ገባች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩላት።

«ወጥቻለሁ ልጄ» አለችኝ።

እኔም ለአቶ ታደለ ከተማ ገብታለች አልኳቸው። አቶ ታደለም ለእንግዶቹ ሳጥኑ ዝግጁ ነው፣ ግቡ አሉ። እንግዶቹ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ከታሸገ ውሃ በቀር ምንም የለም።

ወጣ ብዬ እንደገና ደወልኩ። መንገድ ላይ ነኝ አለች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል።

«ዶሮው ሚኒባስ ውስጥ ነው?»

«አዎ፣ ሰው ይዞ ነው።»

«የሚንፏፏውስ ውሃ?»

«ኧረ ልጄ፣ ኔትወርኩ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት የመስኖ ውሃ ተራዋ ነበር። አክስቴ ቦዩን ወደ ሙዟ ሳትመልስ ከጫኖ ንቅንቅ የምትል ሴት አይደለችም።

አቶ ታደለ ስለ ድርጅቱ ራዕይ ማስረዳት ጀመሩ። ራዕዩ አለቀ። ወደ ተልዕኮው ተሻገሩ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ዝምተኛ መሐንዲስ፣ ሳጥኑ የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። አቶ ታደለ ዓይናቸውን በጨው አጥበው በር ላይ ነው አሉ። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ።

አክስቴ የደረሰችው እንግዶቹ ቦርሳቸውን ሲያነሱ ነው። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ሳጥኗን እንደ ሕፃን በነጠላ አዝላለች። ገና ሰላም ሳትለን መንገዱ ተዘግቶ ነው አለች።

እንግዶቹ እየተጎተቱም ቢሆን ተመልሰው ተቀመጡ። ሳጥኗን ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩ የተናገረው ሰዓትና ካርዱ የተናገረው ሰዓት ጎን ለጎን መጡ። አይገናኙም። መልእክቱ ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ ተራራቁ።

አቶ ታደለ ላባቸውን ጠረጉ። ትንሽ ስህተት ናት፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር እናስማማዋለን ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። መሐንዲሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«የትኛው ነው እውነቱ?»

አለቃዬ ዓይናቸውን አፍጠውብኛል። እንጀራዬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ አማራጭ አላየሁም።

«ዛሬ ጠዋት አክስቴ ወጥቻለሁ አለችኝ» አልኳት። «እኔ ከተማ ገብታለች አልኩ። አቶ ታደለ በር ላይ ነው አሉ። ሦስታችንም እንደ ኮምፒውተሩ ነን፤ ገና ስናስበው ሆኗል እንላለን። ካርዱ ግን የበሩን ደፍ ሳይሻገር አይናገርም።»



«እኔማ የውሃ ተራዬ ነበር» አለች አክስቴ ከጥግ።

መሐንዲሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ እስከ ምሳ ስትፈትነው ቆየች። አንድም መልእክት ሰዓቱ አልጠፋም። ሳጥኖቹን እንደሚወስዱ ነግረውን ሄዱ፤ እኔም ቋሚ ሆንኩ።

አቶ ታደለ ዛሬ በየስብሰባው፣ ካርዱ ይጠየቅ ብለው የተሟገቱት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳቸው እንደነበሩ ይናገራሉ። እሳቸው ምኑን መቼ እንዳሉ የሚመዘግብ ካርድ ቢገኝ ድራይቨሩን በነጻ እጽፍለት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አልጠላቸውም። ያን ዕለት እኔም ያላየሁትን ሚኒባስ ከተማ አስገብቻለሁ።

አክስቴ በሰው ፊት አሳጣሽኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ልትመጣ ስትል እንደ ልማዷ ደወለች። ወጣሽ ወይ አልኳት። ቆይ አለችኝ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጓጉንቸሩ አስጠግታ ቀጭ ሲል አሰማችኝና ወደ መንገዱ ሄደች።