ኮፈን ላይ የሚጽፍን ጣት የሚያጋልጥ ሰም

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን ሸሽገው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቴፒ ሚዛን ስመላለስ መኪናዬ ቀይ አቧራ ትለብሳለች። በር ላይ ባቆምኳት ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ኮፈኗ ላይ በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ይጽፋል። አቧራው በጣት ሲታሽ ቀለሟን ቧጭሮ ጨረሰው።

የመኪና ዕቃ ሱቅ ሄጄ «የሚጽፍበትን ሰው ጣት የሚያጠቁር ሰም የላችሁም?» አልኩ። ሳቁብኝ።

እኔው ሠራሁት። ትናንት ኮፈኗን በስሱ ጥቁር ግራሶ ቀባሁና ላዩ ላይ አቧራ ነፋሁበት። (ባለቤቴ በወንፊቷ አቧራ ስነፋ አይታ ጸበል ልትወስደኝ ነበር።)

ዛሬ ጽሑፉ «እጠ» ላይ ቆሟል።

ጋሽ ደምሴ እኮ «የዘንድሮ ልጆች ስድ ናቸው» እያሉ አብረውኝ ሲራገሙ የከረሙ ሰው ናቸው!

«የሞተር ሳይክሌ ሰንሰለት ወልቆብኝ ነው» አሉኝ። ሞተር ሳይክል የላቸውም።

ክንዳቸውን ትቼ የሸሸጉትን እጅ ጎትቼ ጨበጥኩት። የእኔም ጠቆረ፤ ይጥቆር!

«ጋሼ፣ ይታጠቡ» አልኳቸው።

እናንተስ፣ የሰው መኪና ላይ ጽሕፈት የሚለማመድ ጎረቤት አለባችሁ? ንገሩኝ፤ ግራሶ ተርፎኛል።