ሩሐማ ታምሩ የንፋሱን መንገድ ስታገኝ

ሩሐማ ታምሩ ተወልዳ ያደገችው ሸዋ ቤንች ነው። አባቷ አናጺ ነበሩ። እኩዮቿ ወንዝ ወርደው ሲጫወቱ እሷ የአባቷን የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ይዛ በተጋደሙ በርና መስኮቶች መሀል ትውላለች። «አባዬ፣ ይቺ ማዕዘን አልገጠመችም» ያለች እንደሆነ ታምሩ መዶሻቸውን አስቀምጠው ደግመው ይለካሉ። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነበር። ሚዛን ከተማ የቴክኒክና ሙያ ትምህርቷን ጨርሳ ቴፒ ባለ አንድ የምህንድስና ትምህርት ክፍል በቤተ ሙከራ ረዳትነት ስትቀጠር ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋ በር መክፈት፣ ኮምፒውተሮቹን ከአቧራና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ተማሪዎቹ ሲወጡም ሁሉ ነገር በቦታው መኖሩን ማየት ነበር።

ከኮምፒውተሮቹ በአንዱ ላይ፣ ለትምህርት ውጭ አገር የሄደ መምህር ትቶት የሄደ ፕሮግራም ነበር፤ ውሃም ሆነ አየር በአንድ ቦታ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚያሰላ ፕሮግራም። ሩሐማ ዝናብ ተማሪዎቹን ባስቀረበት አንድ ሳምንት መመሪያውን ይዛ ከፈተችው። ከዚያ ወዲያ መላቀቅ አቃታት።

ኮምፒውተር አየርን በጅምላ አያውቀውም። መጀመሪያ አየሩ የሚያልፍበት ቦታ ቅርጹ በልኩ ይሣላል፤ ቀጥሎ ያ ባዶ ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ሆኖ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ የተቀበለውን ለቀጣዩ ያቀብላል። የክፍሎቹ ድርድር መረብ ይባላል። ተማሪዎቹ መረቡን እንደነገሩ አድርገው በቀለም ያበደውን የመጨረሻ ሥዕል ለማየት ይጣደፋሉ። ሩሐማ ግን የምትወደው መረቡን ራሱን ነበር፤ በተለይም ክፍሎቹ እንደ ጡብ ስድስት ገጽ ኖሯቸው፣ ረድፍና ዐምድ ጠብቀው የሚደረደሩበትን ዓይነት። እዚህ በኩል ሃያ ካሉ ፊት ለፊትም ሃያ ይሆናል፤ ግድግዳው አጠገብ ይሳሳሉ፣ መሀል ላይ ይሰፋሉ። አንዱ ከተንጋደደ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ እትዬ በየነች ወደ ትምህርት ክፍሉ መጡ። ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለ የሴቶች የቅመማ ቅመም ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ዝናቡ ያለ ወትሮው ቀድሞ በመግባቱ እርዱን ፀሐይ ላይ ማስጣት አልተቻለም፤ ያሠሩት ማድረቂያ ደግሞ ጉድ አድርጓቸዋል።

«በስተቀኝ ወንፊት ላይ ያለው እርድ በሁለት ቀን ደርቆ ኩም ይላል፤ በስተግራ ያለው በአምስተኛው ቀን ይሻግታል» አሉ። «እሳቱ አንድ፣ ማራገቢያው አንድ። ምን እንበለው?»

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ይሄይስ ፈተና እየደረሰ መሆኑን ተናግረው ሊያሰናብቷቸው ነበር። ሩሐማ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

«እኔ ልየው?» አለች።

መምህር ይሄይስ ዞር ብለው አዩዋት። «ከሥራሽ ካላስተጓጎለሽ እይው።»

በማግስቱ ሄዳ አየችው። በእንጨት እሳት የሞቀውን አየር ማራገቢያው በክብ ቧንቧ ይገፋዋል፤ ቧንቧው እየሰፋ በሚሄድ የላሜራ ማገናኛ በኩል ወንፊቶቹ ከተደረደሩበት አራት ማዕዘን ሣጥን ይገባል። እትዬ በየነች በስስ ላስቲክ የጠቀለሉትን የማድረቂያውን ንድፍ ሰጧት። ሩሐማ ንድፉን ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

ሣጥኑን ለመከፋፈል ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ክቡ ቧንቧ ግን እንቢ አላት። ክቡን እንደ አራት ማዕዘን ቆጥራ ስትከፋፍለው ማዕዘን መሆን የነበረባቸው አራቱ ቦታዎች ላይ ክፍሎቹ ተጨፍልቀው እንደ ቢላ ስለት ሆኑ። ያም ሆኖ ስሌቱን አስነሣችው፤ ቁጥሮቹ ሰማይ ነክተው ወዲያው ተቋረጠ። ደገመችው፤ ተቋረጠ። ሳምንቱ በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ ዕለት ማድረቂያውን ወደ ሠራው በያጅ ወደ ጋሼ ሲላስ ሄደች። ጋሼ ሲላስ ዝምተኛ የቤንች ሰው ነው፤ አማርኛውን እየመረጠ ነው የሚናገረው።

«ጋሼ፣ ክቡን ከአራት ማዕዘኑ ጋር እንዴት ነው ያጋጠሙት?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠመኔ አነሣ። መሬት ላይ በተዘረጋ ላሜራ ላይ ክብ ሠራ፤ ክቡ መሀል ትንሽ አራት ማዕዘን ሠራ። ከዚያ ከአራት ማዕዘኑ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ክቡ ድረስ አንዳንድ መስመር ሳበ።

«እኔ መጠናቸውን ትቼ ሁለቱን ደርቤ ነው የማያቸው» አለ። «ከጫፍ ወደ ክብ አራት መስመር። በመስመሮቹ መሀል ያለውን ላሜራ አጥፌ አገጥማለሁ። ሌላ ነገር የለውም።»

ሩሐማ የጠመኔውን ሥዕል ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። መሀል አንድ፣ ዙሪያውን አራት። ክቡ አንድ ቁራጭ መሆኑ ቀርቶ አምስት ሆኗል፤ ከአምስቱም አንዱ እንኳ የተጨፈለቀ ማዕዘን የለውም። ጎንበስ ብላ አምስቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ምነው? ተሳሳትኩ?» አለ ጋሼ ሲላስ።

«የለም፣ የለም! ሳምንት ሙሉ የፈለግኩትን ነው የሰጡኝ» ብላ ባጃጅ ፍለጋ ወጣች። እሱ አንገቱን ነቅንቆ እንደሸኛት ያስተዋለችው መንገድ ላይ ሆና ነው።

ሰኞ መረቡ አለቀ። ክፍሎቹ ከቧንቧው ተነሥተው፣ በማገናኛው ተዘርግተው፣ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ስታያቸው ብቻዋን ሳቀች። ስሌቱን አስነሣች፤ ስሕተቱን የሚያሳየው መስመር ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ ወረደ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ከመጀመሪያው አስጀመራት፤ በሦስተኛው በየመሀሉ እያስቀመጠች ሄደችና ረቡዕ ከሰዓት ውጤቱ መጣ።

ውጤቱ አየሩ ለቀኙም ለግራውም እኩል ይደርሳል ይላል።

ሩሐማ ስሌቱንና መረቡን ደግማ ፈተሸች። ስሌቱ ልክ ነው፤ መረቡ ልክ ነው፤ እነ እትዬ በየነች ደግሞ የሻገተ እርድ በእጃቸው ይዘዋል። ያን ጊዜ ነው ማድረቂያውን በገዛ እጇ ለክታ እንደማታውቅ ትዝ ያላት። የሣለችው ወረቀቱን ነው።

በማግስቱ ሜትር ይዛ ሄደች። በንድፉ ላይ የማገናኛው ርዝመት አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው፤ በእጇ ስትለካው ስልሳ ሴንቲ ሆነ። ቧንቧውም ከመሀል ዐሥር ሴንቲ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ጋሼ ሲላስን አስጠራችው። መጥቶ ሜትሩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ግድግዳው አላስኬደኝም» አለ። «ሣጥኑ ቀድሞ ተተክሎ ነበር። ያገኘሁት ቦታ ያ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው?»

ሩሐማ ሜትሩን ጠቀለለች።

«እኔም ሳልለካ ነው የሣልኩት፣ ጋሼ» አለች። «እስኪ እርስዎ የሠሩትን እንደተሠራ ልሣለው። ከዚያ እናወራለን።»

እንደተሠራ ሣለችው። አምስቱን ክፍልፋዮች ወደ ቀኝ አዛውራ፣ አጭሩን ማገናኛ አስገብታ፣ ግድግዳው አጠገብ ያሉትን ክፍሎች አቅጥና መረቡን እንደገና ሠራችው። በዚህ ጊዜ የወጣው ሥዕል ሌላ ነበር። አየሩ በድንገት የሰፋውን ማገናኛ ተከትሎ መስፋት አቅቶት ቀኙን ግድግዳ ታክኮ ይወረወራል፤ በግራ በኩል ደግሞ ወደፊት መሄዱ ቀርቶ ዞሮ ወደ ማራገቢያው ይመለሳል። ወደ ኋላ የሚነፍስ ንፋስ።

መምህር ይሄይስን ጠርታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው ቀረብ አሉ። «ሥዕል ሁልጊዜ ያምራል» አሉ። «እውነት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

ጥያቄው አላስከፋትም፤ እንዲያውም አስደሰታት። ከገበያ አንድ ድውር የጥጥ ክር ገዛችና በቀጣዩ ሳምንት አርብ ጠዋት ከማኅበሩ ሴቶች ጋር በየወንፊቱ ጫፍ ጣት ጣት የሚያክል ክር አሰረች። ውስጡ እንዲታይ ሣጥኑን በመስተዋት ከደኑት። ሩሐማ በስሌቱ መሠረት የትኛው ክር ወዴት እንደሚዞር ወረቀት ላይ አስቀድማ ጽፋ ወረቀቱን ለእትዬ በየነች ሰጠቻቸው። ጋሼ ሲላስ ማራገቢያውን አስነሣ።

በቀኝ ያሉት ክሮች ቀጥ ብለው ወደፊት ተዘረጉ። በግራ ያሉት መጀመሪያ ተርገበገቡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ዞረው ወደ ማራገቢያው አመለከቱ።

እትዬ በየነች ወረቀቱንና ክሮቹን እያፈራረቁ አዩ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስተኛው ወንፊት ላይ ያለው ይወላውላል ብለሽ ጽፈሻል» አሉ በቀስታ። «ይኸው ይወላውላል።»

ሩሐማ የእርድ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። ሴቶቹ ሳቁባት፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ማገናኛውን ለማስረዘም ግድግዳ መናድ ሊኖርባቸው ነው። ሩሐማ ግን ማገናኛው ውስጥ እንደ ማራገቢያ ክንፍ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ የላሜራ መምሪያዎች ቢቆሙ አየሩን ሊያከፋፍሉት እንደሚችሉ አሰበች። እያንዳንዱን ሐሳብ ለመሞከር ደግሞ መረቡን መሠንጠቅ፣ በላሜራው ግራና ቀኝ አዲስ ረድፍ ማስገባት፣ ፊት ለፊት ያሉትን ማመጣጠን ግድ ነበር። አንድ መምሪያ ሞከረች፤ አልበቃም። ሁለት አደረገች፤ ግራው ተነፈሰ፣ ቀኙ ታፈነ። ሁለቱንም ጥቂት ወደ ቀኝ ስታጋድላቸው አየሩ ተከፋፈለ። ጋሼ ሲላስ ልኩን ከወረቀቱ ላይ እያየ በአንድ ቀን ቆርጦ በየዳቸው። ከመበየዱ በፊት ሦስት ጊዜ ጠርቶ አስለካት።

በሚቀጥለው ዙር የግራው እርድ የደረቀው ከቀኙ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ነው፤ ሻጋታ አልታየበትም። ከሁሉ በታች ያለው ረድፍ ግን እስከ መጨረሻው ዳተኛ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ሩሐማ ዓመቱን ሙሉ ፈልጋ አላገኘችውም፤ ሴቶቹም እዚያ ላይ ኮረሪማ ማድረቅ ጀመሩ።

መምህር ይሄይስ ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ለሩሐማ ሰጧት። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ወደ ጋሼ ሲላስ ብየዳ ቤት ወስዳ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ ማስለካት ነበር። አንዳንዶቹ ያጉረመርሙ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሁለት ገበሬዎች ከጌጫ መጥተው አገኟት። ከወንዝ ጠልፈው በቦይ በሚያመጡት ውሃ የሚዞር ወፍጮ አላቸው፤ ቦዩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ውሃው እየተሽከረከረ ኃይሉን ያጣል።

«አየር ነው የሚሠሩት ብለው ሰዎች ነግረውን ነበር» አለ አንደኛው እየፈራ። «የኛ ውሃ ነው።»

ሩሐማ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠጋች። እውነተኛ ውሃ ሠርታ አታውቅም። «መታጠፊያው ክብ ነው ወይስ ማዕዘን አለው?» አለች፤ እነሱም መሬቱን በጣታቸው እየጫሩ ሊያሳዩዋት ጎንበስ አሉ።