ለአንዲት እህት ሁለት መርዶ

ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አንድ ቃል ከጨመርኩበት ግን የጁባ ፀሐይ እንደ ቋንጣ ያድርቀኝ።

አልማዝና ሰናይት የሚባሉ እህትማማቾች ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። አገር ቤት የቀረችው የዘጠኝ ዓመቷ ሚሚ፣ የሁለቱም ታናሽ፣ በወባ ሞተች። ታላቅየዋ አልማዝ ከሰማች በኋላ ሥጋ ልግዛ እያለች እየወጣች ከገበያው ጀርባ ስታለቅስ ሦስት ወር ሆናት። በመጨረሻ እኔን ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ሰናይት ልቧ ስስ ነው። ሚሚን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ድንገት ከሰማች ትሞትብኛለች። አንተ እያዋዛህ አርዳልኝ።»

ፊደል ባልቆጥርም አፌ የዓባይን አዞ ያስቃል፤ እሺ አልኳት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የአገር ልጆች ተሰብስበን ማንጋቴን ሰፈር ያለውን ቤታቸውን አንኳኳን። ሰናይት ከፈተች። ነጠላውን ያዘቀዘቀውን ሰው ሁሉ አየችና በሩን እንደያዘች ቆመች። እኔም ስለ ቦዳቦዳ፣ ስለ ሞተር ታክሲው፣ መወደድ ጀመርኩ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ፤ ከዚያ ስለሞተችብኝ ፍየል አወራሁ። ፍየል ኖሮኝ አያውቅም። የሳቀም የለም።

ይኼኔ ቀድማ ከቤት ወጥታ ከእኛ ጋር ከኋላዬ የቆመችው አልማዝ መቻል አቅቷት ተንሰቀሰቀች። ሰናይት ትወድቃለች ብዬ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን እኔን ገፍትራ አለፈችና እህቷን አቅፋ ወደኛ ዞረች።

«ማነው ለእህቴ የነገራት? እንዳትሰማብኝ ብዬ እኮ ነው ሦስት ወር ሙሉ በሽንኩርት እያሳበብኩ ሳለቅስ የከረምኩት።»