የብርጓልና የኮከቡ መንገደኞች

ሰው ጨረቃን ረገጠ ከተባለ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ሉማሜ ላይ ካሉት ባለሻይ ቤቶች ሬዲዮ የነበራት የብርጓል ብቻ ነበረች። ደምበጫ ተድራ፣ ባሏን ፈትታ፣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብላ የተነሣች ሴት ናት። አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለምሳ ሲቆም ወረደች፤ እዚያው ቀረች። ብዙ አትናገርም። ሬዲዮውንም የገዛችው ሹፌሮች ዜና ስለሚወዱ እንጂ ለራሷ ብላ አልነበረም።

በዚያ ክረምት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቴአትር ይተላለፍ ጀመር። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት በመንኮራኩር ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳሉ። ሁልጊዜ የሚቋረጠው ልብ ተሰቅሎ ሳለ ነው። የሐምሌ መጀመሪያው ክፍል ያበቃው ወንዶቹ ኮከቡ ላይ ወርደው፣ ሴቲቱ ብቻዋን መንኮራኩሩን ስትጠብቅ፣ በሩ ከውጭ ሲንኳኳ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ሉማሜ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ያንኳኳው ማን ነው?

«መልአክ ነዋ» አሉ ዲማ ተምረው የወጡት መሪጌታ ገብረ ኪዳን። «ሰማይ ላይ ሌላ ማን ይገኛል?»

«መልአክ ደግሞ በር ያንኳኳል እንዴ፣ መሪጌታ?» አለ አስተማሪው አወቀ። «ከሦስቱ አንዱ ነው። አየር አልቆበት ተመልሶ ነው።»

የአውቶቡስ ሹፌሩ ሙላት ግን ቴአትሩን ከሚሠሩት አንዱ አዲስ አበባ ጎረቤቴ ነው እያለ፣ ያንኳኳው የኮከቡ ሰው እንደሆነና አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው ማለ። በሚቀጥለው ምልልሱ ዓይኖቹ ሦስት ሆኑ።

«አንቺስ የብርጓል፣ ማን ይመስልሻል?» አሉ መሪጌታ።

ብርጭቆ እያጠበች ነበር። «ማንም ይሁን። እኔ ብሆን አልከፍትም።»

ሳቁባት። «ጓደኞቿ ቢሆኑስ?» አለ አወቀ።

«ትተዋት ሲወርዱ አማክረዋታል?»

እሑድ ደረሰ። የብርጓል የሬዲዮውን ባትሪ ድንጋዮች ብልጭ ባለችው የጠዋት ፀሐይ አሙቃ መልሳ ከተተች። ሰዉ ቤቱን ሞልቶ በረንዳው ላይ ተረፈ። ቴአትሩ እንደ ጀመረ ዝናብ ወረደ፤ ወዲያው በረዶ ሆነ። ቆርቆሮው ሲደበደብ ሰው ከጎኑ ያለውን እንኳ መስማት አቃተው። የብርጓል ብቻ ሬዲዮውን ታቅፋ፣ ጆሮዋን ለጥፋ ቆመች። በረዶው ሲያባራ ሬዲዮው ዘፈን ላይ ነበር።

«ማን ነው? ምን ሆነ?» ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አንድ ቃል ነው የሰማሁ። የወንድ ድምፅ ‹ዝጊው!› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘጋችው» አለች የብርጓል። «ዘጋችና መንኮራኩሩን አስነሥታ ሄደች።»

ሰዎቹ ተጠግተው ከበቧት። እሷም አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ደንበኛ ፊት ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሴቲቱ የወንዶቹን ስንቅ እንዴት እንደ በላች፣ በሦስቱም አልጋ እየተፈራረቀች እንዴት እንደ ተኛች፣ ድምፅዋ እንዳይጠፋባት ጮክ ብላ ስታወራ እንዴት እንደ ሰነበተች ነገረቻቸው። የሙላት ተሳፋሪዎች ከውጭ ቢጣሩም «ቆዩ!» ብሏቸው ቀረ። በገበያው ቀን ወሬው የሬዲዮው ቃል ተብሎ ገጠር ድረስ ገባ።

በሳምንቱ ሰማዩ ጠራ። ሬዲዮው ያለፈውን ክፍል ባጭሩ ደገመው። «ዝጊው» ያለው በር ያንኳኳው ጓደኛዋ ራሱ ነበር። በሩን መክፈት ስትጀምር፣ ክፉ አየር ከኋላው ሲመጣ አይቶ ነው። እሷ ግን አልዘጋችም፤ አስገባችው፤ ሁለቱም ሞቱ።

ሙላት ተቆጣ። «ታዲያ ያን ሁሉ ዋሽተሽናል!»

«አንድ ቃል ነው የሰማሁ ብያለሁ እኮ።»

መሪጌታ ግን፣ «የሬዲዮዋስ ሞተች፤ ነፍስ ይማር። ያንቺዋ የት ደረሰች?» አሉ።

የብርጓል ሬዲዮውን አጠፋችው። «ገና መንገድ ላይ ናት» አለች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰዉ ሁለቱንም ሰምቶ ይሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ሬዲዮውን፣ ቀጥሎ የብርጓልን። በሳምንቱ መካከል የሚከራከሩት ግን የብርጓል ስለ ፈጠረቻት ሴት ነበር። የሬዲዮው ቴአትር፣ በቀሩት ሁለት ወንዶች ቀጥሎ፣ ጳጉሜን ላይ አበቃ። የብርጓል ሴትዮዋን ያሳረፈቻት ጥቅምት ላይ፣ ለአጨዳ በደረሰ ገብስ መካከል ነው። ባለማሳዎቹ ከየት እንደ መጣች ጠየቋት፤ ከሩቅ አለቻቸው፤ ውሃ ሰጧት።

«ከዚያስ?» አለ አወቀ።

«አለቀ» አለች የብርጓል፣ ብርጭቆዎቹንም ሰበሰበች። በሚቀጥለው እሑድ ሰዎች መጥተው ተቀምጠው ጠበቁ። ሻይ ቀዳችላቸው እንጂ ምንም አልተናገረች፤ እነሱም ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።