ሞላልኝ ያለ ሞት ጡሩንባ የነፋ ዕለት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ሞላልኝን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ቤቱን ሐዘን ጎብኝቶት አያውቅም። ሞላልኝ ቀን ቀን ፒያሳ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ይጠግናል። ሰው ሲሞት ደግሞ የቅሬው ጡሩንባ ነፊ እሱ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛው ግን እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል፣ በአንድ አካፋ ይቆፍራል። ሞላልኝ ከጃንጥላው የሚያገኘው እንጀራውን ነው። ስሙን ያገኘው ከጡሩንባው ነው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ሬድዮው የአየር ንብረት ለውጥ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እያለ ጆሮ ሲያደነቁር፣ እሱ አንድም ቀን አልደነገጠም። ዝናቡ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ማረስረሱን ትቶ፣ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ በበረዶና በነፋስ ሆነ፤ ጃንጥላውን ሁሉ እየገለበጠ ለሞላልኝ ያስረክበው ጀመር።

«ለሁሉ ቢከፋም ለእኔ በጅቷል» ይል ነበር እየሳቀ።

ሳቁን ያቋረጠችበት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር የምትኖረው እህቱ ብዙዬ ናት። አንድ ክረምት ደወለችለት።

«አንተ፣ እህቱን የሚወድ ወንድም ቅቤ ይልካል። አንተ ጎርፍ ትልክልኛለህ?»

«ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«የናንተ ተራራ አፈር ጓዳዬ ገብቷል። የሰው ጫማ ሳይቀር አልጋዬ ሥር አገኘሁ።»

«የግራ ነው የቀኝ?»

«ምኑ?»

«ጫማው። ጎረቤታችን ከድጃን የግራዋን ጎርፍ ወስዶባታል።»

ብዙዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ሞላልኝ ብቻውን ሲስቅ ቆየና ቀስ እያለ ሳቁ ጠፋበት። ከሰፈሩ በላይ ያለው ተዳፋት ራቁቱን ነው፤ መሐሉን ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ሰንጥቆታል፣ ቦረቦሩም በየክረምቱ ወደ ከድጃ ጓሮ ይጠጋል። ቀበሌው ሁለት ክረምት ችግኝ አስተክሎበት ነበር። መኪና መጣ፣ ከነቴራ ታደለ፣ ተዘፈነ፣ ተሄደ። የሰፈሩ ሰው ፍየሉን የሚያሰማራበት ቦታ ያ ብቻ ነውና፣ ሳይጠየቅ የታጠረበትን አጥር ራሱ ከፈተው። ችግኙን መጀመሪያ የቀመሰችውም የሞላልኝ ፍየል ናት። ሰው ያልመከረበትን ችግኝ ማን ይጠብቃል?

በሦስተኛው ዓመት ለቀበሌው አዲስ የተመደበችው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሊድያ፣ ሽቦው የወለቀ ጃንጥላ ይዛ በረንዳው ላይ መጣች።

«ጋሼ ሞላልኝ፣ ሐሙስ ስብሰባ ጠርቻለሁ።»

«ይቅናሽ።»

«ማን ይመጣል ብለው ነው? ባለፈው ሦስት ሰው መጣ፤ አንዱ ዘበኛው ነው።»

«ልጄ፣ ስብሰባ ያለቀ ነገር የሚጨበጨብበት ቦታ ነው። ለማጨብጨብ ሦስት ሰው መች አነሰ?»

«ያለቀ ነገር የለም። ተዳፋቱን ምን እናድርገው ብዬ ልጠይቅ ነው። ማንም ካልመጣ ግን ያምናው እቅድ እንዳለ ያልፋል፤ እንደገና ይታጠራል፣ እንደገና ፍየል ይበላዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጡሩንባውን ቢነፉልኝስ?»

ሞላልኝ እጁን ከጃንጥላው ላይ አነሣ።

«እሱን አታንሺብኝ። የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው። ያለ ሞት ከነፋሁ ቅሬው ይቀማኛል። ከዚያ እኔ ማን ነኝ?»

ሐሙስ ደረሰ። ሞላልኝ ከፒያሳ ሲመለስ በቀበሌው አዳራሽ መስኮት አጮለቀ። ሊድያ ብቻዋን ሆና አግዳሚ ወንበሮቹን ታስተካክላለች። ዘበኛው እንኳ ቀርቷል። ሰማዩ በጦሳ ተራራ በኩል ጠቁሯል። ሞላልኝን እግሩ ወደ ቤት ወሰደው፣ እጁ ጡሩንባውን አወረደ፤ ተዳፋቱ ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ረጅሙን ጥሪ ለቀቀው።

ወይ ጉድ! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዱ የመቃብር አካፋና ዶማ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን ዘቅዝቆ። ጎረቤታችን አረጋሽማ እያለቀሰች ነው የደረሰችው።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ የቅሬው ዳኛ ሼህ ሱሌማን እያለከለኩ።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለ ሞላልኝ።

«እስካሁን?»

አረጋሽ እንባዋን ጠረገች። «እኔ ወጤን ጥጄ ነው የመጣሁት። ግማሽ መንገድ አልቅሻለሁ። ማንን እንዳለቀስኩ ንገረኝ እንጂ።»

«ለሚቀጥለው ይያዝልሻል» አለቻት ከድጃ።

ሼህ ሱሌማን አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉና ጡሩንባውን ተቀበሉት። «ፍርዱ ኋላ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደነፋህ ተናገር።»

ሞላልኝ የእህቱን ጓዳ፣ ቦረቦሩን፣ ባዶውን አዳራሽ እየተንተባተበ ተናገረ። ይኸኔ ሊድያም ሮጣ ደረሰች። ከድጃ ተቀበለቻት።

«እሺ፣ ፍየሎቼን የት ልውሰዳቸው? ስታጥሩ ጠይቃችሁኛል?»

«አልጠየቅናችሁም» አለች ሊድያ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ዛሬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ከቀበሌ የመጣ ሰው ጥፋቱ የእኛ ነው ሲል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያማ ማን ያቁመው! ግማሹ ባሕር ዛፍ ለጣራ ማገር ይሆነናል አለ፤ ግማሹ ምንጩን ይጠጣብናል ብሎ ጮኸ። ሊድያ ከምንጩ ርቆ ታች ዳር ላይ ይሁን፣ ላዩ ወይራ ይሁን ስትል ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ አኮረፈና ተስማማ። ከድጃ በበኩሏ ፍየል አይግባ፣ ሣሩን ግን በተራ እያጨድን ቤት እናብላ አለች። ፍየሉ እዚያ የተገኘችበት ሰው ቅሬው ፊት ይቆማል ተባለ። ቀበሌን የማይፈራ አይጠፋም፤ ቅሬን የማይፈራ ግን የለም። ወንዶቹም ለመቃብር ያመጡት አካፋ በእጃቸው ነውና፣ ቆመን ከምናወራ ብለው የጎርፉን ጉልበት የሚያበርደውን እርከን እዚያው ተዳፋቱ ላይ ጀመሩት።

«አሁን ወደ ጥፋተኛው» አሉ ሼህ ሱሌማን። ወደ ሞላልኝ ዞሩ።

«ጡሩንባ ከዋሸ፣ የእውነቱ ሞት ሲመጣ ማን ይነሣል? ወላሂ፣ ልቀማህ ነበር። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሰው ሌላ ነገር ባልሰበሰበውም ነበር። ስለዚህ ለተዳፋቱ ሌላ ጥሪ አውጣለት፤ አሁን፣ እዚሁ። ከሞቱ ጥሪ ካልተለየ ግን ጡሩንባውን ዳግም አትነካውም።»

ሞላልኝ ጡሩንባውን ተቀበለ። ከንፈሩ በፍርሃት ደርቆ እንጨት ሆኗል። ነፋ። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዛት ፍየል ሳል ነበር። ደገመው፤ ባሰ። ሦስተኛው ጭራሽ ማስነጠስ መሰለ። ሞላልኝ አለቀልኝ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ።

አረጋሽ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። «ሼህ ሱሌማን፣ ይህን ሰምቶ ለቀብር የሚነሣ አለ? ይኸው፣ ተለየ እኮ!»

ሼህ ሱሌማን ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፣ አልቻሉም። «አብሽር ሞላልኝ» አሉ ትከሻውን እየመቱ። «ያንተው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጡሩንባው ሲያስል የሰማ የሰፈሩ ሰው አካፋውን ያነሣል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሞላልኝ ሳይፈራ እንደዚያ አድርጎ መንፋት አልሆንለት አለ። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ይገባና፣ አበላሽቶ መንፋት ይለማመዳል።