ቁጭ ብዬ የሮጥኩት

ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ እያሳደደ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ነው የሚጀምረው። ለማስተማር ተመድቤ ከደጋ ስወርድ ሯጭ ሁን ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ያለኝ ሐኪሙ ነው፣ ስኳር አለብህ ብሎ። "ተንቀሳቀስ፣ ጫቱንም ተው" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል?

ጉዱ የመጣው ይህንኑ ለእህቴ ስነግራት ነው። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ትዳር እንኳ የያዘችው እኔን ለቁም ነገር ካበቃች በኋላ ነው። እስከ ዛሬ እትዬ ነው የምላት። ወሬውን በሰማች በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን በሹፌር እጅ አንዲት ካርቶን ላከችልኝ። ውስጧ የጫማ ክር ላይ የምትሰካ፣ ባቄላ የምታክል የእርምጃ መቁጠሪያ እና ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል ሙዚቃ ማጫወቻ ነበሩ። ማጫወቻውን ከፍቼ ስሮጥ መቁጠሪያዋ የእግሬን እንቅስቃሴ ትለቅማለች፤ ዘፈኑ መሀል አንዲት ሴት ጥልቅ ትልና ይህን ያህል ሮጠሃል ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛ። ማታ ደግሞ የሮጥኩት ሁሉ በስልኬ በኩል እህቴ ስልክ ላይ ይታያል። እንዲህ አድርጋ ያገናኘችው ልጇ ናት። "እንግዲህ ከዚሁ ሆኜ አይሃለሁ" አለችኝ እትዬ እየሳቀች።

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሮጫለሁ። ጎህ ሲቀድ እነሳና ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት እወጣለሁ። የከባድ መኪና ሹፌሮች ጡሩምባ ይለቁብኛል፤ ሽንኩርት ሊለቅሙ የሚሄዱ ሴቶች "ምነው፣ ማን ሞተ?" ይሉኛል። ማታ እትዬ ትደውላለች። "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ትለኛለች። የሠላሳ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነኝ፣ ግን እሷ ጎሽ ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ግንቦት ገባ። የሸዋ ሮቢትን ግንቦት ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። ወይም ይፍረድ። ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ፤ አንድ ቀን ተውኩት፣ ሁለተኛውንም ተውኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአከራዬ በር ገርበብ ብሎ የጫት ወገኖቼ ጨዋታ ይሰማል። አከራዬ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ቀልደኛ ሰው። ለአንድ አፍታ ብዬ ገባሁ። ለአንድ አፍታ መሆኑን እንዲያውቁልኝ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬ ላይ ዘፈኔ፣ ጉንጬ ውስጥ ጫቴ። እግሬን አነባብሬ ማወዛወዝ የቆየ ልማዴ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ይብስብኛል።

ማታ ስልኬ ጮኸ። "አንተ! ዛሬስ ጉድ ነው የሠራኸው! ከሁሉም ቀን አብልጠህ ሮጥክ እኮ!" እትዬ ናት። ሲገባኝ ክው አልኩ። መቁጠሪያዋ መንገድ አታይ፣ አገር አታውቅ፤ እግር ሲወዛወዝ መቁጠር ብቻ ነው ሥራዋ። ማጫወቻውን ለዘፈን ብዬ ከፍቼው ነበር፤ መቁጠሪያዋ ለካ ጫማዬ ክር ላይ እንደተሰካች ሥራ ላይ ናት። "ተሳስቶ ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እትዬ እንደዚያ ስትፈነድቅ ከሰማኋት ቆይቷልና መልሼ ዋጥኩት።

በማግስቱ ያደረግኩት ግን ሆን ብዬ ነው። ጫማዬን አውልቄ ፍራሹ ላይ ተመቻቸሁ፣ መቁጠሪያዋን ቁርጭምጭሚቴ ላይ በክር አሰርኩ፣ ከዚያ ማወዛወዝ ነው። አከራዬ ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ወላሂ መምህር፣ ቁጭ ብለህ ጀውሃ ገባህ! በዚሁ ከቀጠልክ ለመግሪብ ሶላት ማጀቴ ከተማ ነን!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። በየማታው እትዬ ትደውላለች፤ እኔም ደክሞኛል እላታለሁ። ደግሞ እኮ ይደክመኝ ነበር! ስኳሬ ሽቅብ እየወጣ መሆኑን ሰውነቴ ነግሮኛል፤ እኔ አልሰማሁትም።

አንድ ቀን እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሳልነግርህ ተስዬልህ ነበር" አለችኝ። "ወንድሜ ጫቱን ትቶ በእግሩ መሮጥ ከቻለ፣ እኔም ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ በሕዝብ ፊት አመሰግናለሁ ብዬ።" ዳገቱ የጣርማ በሩ ነው። እዚያ ከአስፋልቱ ርቃ፣ ሽቅብ ብዙ የሚያስኬድ ቦታ ያለች ቤተ ክርስቲያን አለች። እትዬ ደግሞ ጉልበቷን ሪህ ይዟት ከገበያ ቤቷ እንኳ የምትመለሰው አረፍ እያለች ነው። "በመኪና ብትሄጅስ?" አልኳት። "ስለት እኮ ነው! አብረን ነው የምንወጣው" አለችኝ።

ለአከራዬ ነገርኳቸው፤ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ጫቱን ከእጃቸው አስቀመጡ። "ስለት ነው ያልከኝ? አስተግፊሩላህ! እኔ ቀልድ መስሎኝ ስስቅ ከርሜ! በስለት አይቀለድም፣ ዛሬውኑ ደውለህ ንገራት።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው። እሺ ማለት እንደማያስቸግረኝ አሁን ታውቃላችሁ።

በቤተ ክርስቲያኗ ንግሥ ቀን ጠዋት ጣርማ በር ላይ ተገናኘን፤ እሷ ከደጋው፣ እኔ ከቆላው። ጉሙ ዓይን አያሳይም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ በከዘራ ቆማ ትጠብቀኛለች። አገላብጣ ሳመችኝና "በል ቀስ በልልኝ፣ እኔ እንዳንተ ሯጭ አይደለሁም" አለችኝ። ጀመርነው። ገና ከመንገዱ ብዙ ሳንርቅ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። አፌ ደረቀ። እሷ በከዘራዋ እየተደገፈች ከፊቴ ናት። ዞር ብላ "ምነው ሯጩ!" ብላ ቀለደች። ከዚያ ፊቴን አየችው፤ ቀልዱ ጠፋ። የያዝኩትን ጥዋፍና ዕጣን ከእጄ ተቀብላ በዚያ ጉልበቷ ተሸከመችው፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ላቤን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች። "ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ስለቴን አዘገየሁ። ይኸው ታቦቱ ተቀየመኝ፣ በሽታህን መለሰብህ። እኔ ነኝ ያሳመምኩህ።" ማልቀስ ጀመረች።

ይህን ግን አልቻልኩም። "እትዬ፣ አልሮጥኩም" አልኳት።

"ማን ሮጠ ታዲያ?"

"ማንም። ቁጭ ብዬ እግሬን ሳወዛውዝ ነው የቆጠረልኝ።"

"የት ቁጭ ብለህ?"

የፈራሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ጉንጬን በእጄ ሸፈንኩ። ገባት፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ታሻለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ብትሰድበኝ፣ በከዘራው አንድ ጊዜ ብታቀምሰኝ ቀለል ይለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳችና ሽቅብ መሄድ ጀመረች።

"እንመለስ እንጂ እትዬ፣ የምታመሰግኚበት ነገር የለም እኮ" አልኳት።

"እዚህ ድረስ መጥቼ ባዶዬን አልመለስም። ሌላ እሳላለሁ።"

"ስለ እኔ?"

"አዎ ስላንተ" አለች፣ ዞር ሳትል። "አንተን ከማመን እንዲገላግለኝ።"

እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች እየወጡ ሲናገሩ እልልታው በየመሀሉ ይሰማኛል፤ እሷ ግን እንዳልተናገረች አውቃለሁ። ስትወጣ ክንዴን ይዛ ወረደች፤ ቁልቁለቱ ለጉልበቷ ከዳገቱ ይከፋል። መኪና እስክንይዝ ድረስ ስለ ብርዱ አወራን።

አሁን እሮጣለሁ፣ የምሬን ነው። ጫቱንም ትቻለሁ፤ አከራዬም ቤታቸው ስገባ ሻይ ነው የሚያቀርቡልኝ። እትዬ እንደ ድሮዋ ትደውላለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ስልኳ ላይ የሚመጣውን ግን አንስታ አታውቅም። በቀደም አላስችል ብሎኝ "እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሮጥኩ፣ በእውነት" አልኳት። "ጎሽ" አለችኝ፣ ለጎረቤት ልጅ እንደሚባለው፤ ከዚያ እዚያ ዝናብ ጥሏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለቷ ሰምሮላታል።