ጋሽ አያሌውና ጭቃ ሹሙ ዓሣ

ጋሽ አያሌው ሞቱ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ሰናይት ከቢቸና ደውላ ነው የነገረችኝ። ውሸትሽን ነው ብያት ዘጋሁት። መልሳ ደወለች። ከኋላዋ ለቅሶውን ስሰማ ነው ያመንኩት።

ይህን የምጽፈው ከሞጣ በተነሳ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ጉንደ ወይንን አልፈናል፣ መንገዱ ስልኩን ከእጄ ሊያስጥለኝ ነው። የማታ ትምህርት መጨረሴን ያልሰማ ካለ ይስማ፤ በገዛ ጣቴ ነው የምጽፈው። ከክፍሉ እንደኔ ፈጥኖ የሚያነብ አልነበረም፣ መምህሩ ባያምኑም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አያሌው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው መሪውን ተዉና ቢቸና ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር አስገቡ። የመስታወት ገንዳ፣ ከአዲስ አበባ በሚያስመጡት የባሕር ጨው የተበጠበጠ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ከጅቡቲ የመጡ ዓሦች። ገንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በቢቸናም በእኔ ከተማ በሞጣም እንደኔ መስታወት የሚቆርጥ ካለ እጁን ያውጣ።

ዓሦቹ ለዓይን ያምራሉ፣ ጠባያቸው ግን የሽፍታ ነው። በተለይ አንዱ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሰማያዊ። ቀድሞ የገባው እሱ ስለነበር በቀኝ በኩል ያለውን ዋሻ ያዘና ገንዳው በሙሉ የኔ ነው አለ። ጋሽ አያሌው "ጭቃ ሹም" ብለው ሰየሙት።

አንድ ቀን ሁለት ቢጫ ዓሦች ጨመሩበት። ወዲያው ደውለው "ና፣ ደም ፈሷል" አሉኝ።

ስደርስ አንዱ ቢጫ ዓይኑ ወጥቶ፣ ጭራው እስከ አጥንቱ ተበልቶ ተንሳፍፏል። ሌላው ከውሃ ማጣሪያው ኋላ ተሸጉጧል፤ ጭቃ ሹሙ እየተንደረደረ ጎኑን ይገምሰዋል፣ ቅርፊቱ ይበተናል። በአንድ መጥበሻ የሚያልቅ ነገር ነው አልኳቸው። አልሳቁም። በጀሪካን ያን ሁሉ በረሃ አብሮኝ ያለፈ ነው፣ አልገድለውም አሉ። ግን እዚያው ገንዳ ውስጥ ሟቿ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከእጃቸው ያበሏት የነበረች ብርቱካናማ ዓሣ ነበረች። ጭቃ ሹሙ ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚዞር ሁለታችንም ገብቶናል።

እኔ ላስታርቅ ብዬ እጄን ነከርኩ። ነከሰኝ። ሞጣ ስመለስ የነከሰኝን ዓሣ ትንሽ አሳድጌ አውርቻለሁ።

ጋሽ አያሌው ሽግሽግ እናድርግ አሉ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ መሬት ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሲሰጥ ነው። ዓሦቹ የድሮ ድንበራቸው እንዲጠፋቸው ድንጋዩን አውጥተን እንደ አዲስ ደረደርን። የጭቃ ሹሙን ዋሻ ግን አልነኩም። ነባር ባለይዞታ ከቤቱ አይነቀልም አሉኝ። የአባታቸው መሬት በሽግሽግ ሲሄድ ቆመው ያዩ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ምሳችንን ሳንጨርስ የሁለተኛው ቢጫ ሆድ ተቀዶ አንጀቱ ወጣ። ጭቃ ሹሙ ብርቱካናማዋን ጥግ አስይዞ ክንፏን ነክሶ ይጎትታል።

ያኔ ጋሽ አያሌው ተነሱ። እጅጌያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ነከሩና ያን ዋሻ ናዱት። "ሽግሽግ ነው፣ አቤቱታ የለም።" ከዚያ ወዲህ ይህች ቃል ከአፋቸው አልጠፋችም፤ ወንበራቸው ላይ ቀድሞ የተቀመጠ እንግዳም ሰምቷታል።

ጭቃ ሹሙን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን እዚያው ውሃ ውስጥ አሰሩት። ብርቱካናማዋ ክንፏ ሽሮ ቦታ እስክትይዝ አልፈቱትም። ሲወጣ ቤት የለው፣ ድንበር አያውቅ፣ የመጨረሻ ገቢ ሆኖ ግራ ጥግ ቀረ። ምግብም በገንዳው ሁለት ጫፍ እኩል ይጥሉ ነበር፣ ማንም ማንም ጋ እንዳይሄድ። ፍቅር ሆነ አልልም፣ ግን ሞት ቆመ።

እስከ ዛሬ ጠዋት። ሰናይት እንደነገረችኝ አባቷ ከታመሙ ወዲህ ዓሦቹን ያበላ የለም። ጭቃ ሹሙ ተርቦ ተነስቷል፤ የብርቱካናማዋን ጭራ ጨርሶ ወደ ሆዷ ዞሯል። "ምን ላድርግ? አባዬን ላስገንዝ ወይስ ዓሣ ልገላግል?" አለችኝ።

መብራቱን አጥፊ፣ ገንዳውን በጋቢ ሸፍኚ፣ ጨለማ ያዘገየዋል አልኳት። ከዚያ አንድ መስታወት ለክቼ ቆረጥኩ፣ ውሃ እንዲያሳልፍ በሳሁት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። አሁን ጉልበቴ ላይ ነው። ረዳቱ ለቅሶ ነው የምትሄደው ወይስ ቤት ልትሠራ ብሎ ቀለደብኝ። ለሁለቱም አልኩት።

ጋሽዬ፣ ቀብርዎ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብለውኛል። እንደደረስኩ መጀመሪያ የምገባው ሳሎን ነው፣ አይቀየሙኝ። መስታወቱን በጭቃ ሹሙና በብርቱካናማዋ መሃል አወርድና መጥቼ የቃሬዛዎን አንድ ጫፍ እይዛለሁ። በሕይወት ካገኘኋት መንገድ ላይ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ። ካላገኘኋትም፣ ተርፋለች ብዬ ነው የምነግርዎ። እትዬ ዘነቡን ሰላም ይበሉልኝ።